«100 በመቶ» እስከ የት ድረስ? ንጹህ ቁስና ድብልቅ ከመቐለ ሲታዩ

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የተመደበለት ዘርፍ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነበር። የትግራይ ጦርነት ሥራውን እስኪያቋርጠው ድረስ በሼዶቹ ውስጥ የሚቆረጠውና የሚሰፋው በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚሄድ ልብስ ነበር። እንዲህ ያለው ልብስ አንገትጌው ሥር ወይም በጎኑ ስፌት ላይ ትንሽ ምልክት ይሰፋበታል። ምልክቱ ላይ «100 በመቶ ጥጥ» ወይም «65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው ድብልቅ መሆኑን ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ግን ኬሚስቶችን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንድ ነገር ንጹህ ነው የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

የትምህርት ቤቱ መልስ አጭር ነው። ንጹህ ቁስ ንጥረ ነገር ወይም ውህድ ነው፤ ይዘቱ አይለዋወጥም፤ የሚቀልጥበትና የሚፈላበት ሙቀት የታወቀ ነው። ድብልቅ ግን መጠኑ እንደ ደባላቂው ፈቃድ ይለያያል፤ በማጥለል፣ በማትነን ወይም በማንጠር ወደ ክፍሎቹ ይመለሳል። ይህ መልስ ሁለት መመዘኛዎችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው የይዘት ቋሚነት ነው፤ ሁለተኛው ያለ ኬሚካዊ ለውጥ የመለያየት ጉዳይ ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ክርክሩ ሁሉ የተነሣው ሳይስማሙ ከቀሩባቸው ቦታዎች ነው።

መቐለ ለዚህ ዳሰሳ የተመቸች ከተማ ናት። ከምሥራቅ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ፣ ጨው ይመጣባታል። በዳርቻዋ መሰቦ ሲሚንቶ አለ። ፓርኩ ደግሞ የክርና የጨርቅ ነው። ሦስቱም ምርቶች ድንበሩን በተለያየ ቦታ ይፈትኑታል።

ጥያቄው ከየት ተነሣ

አሪስቶትል ስለ መፈጠርና መጥፋት በጻፈው መጽሐፍ ገብስና ስንዴ የተቀላቀሉበትን ክምር ያነሣል። ፍሬዎቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተዋሐዱም፤ እውነተኛ ውህደት የሚባለው እያንዳንዱ ቅንጣት ከሙሉው ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ቀጥሎም እስከ ዛሬ ያላረጀ ተቃውሞ ያመጣል። ቅንጣቶቹ ደቅቀው ለዓይን ስላልታዩ ብቻ «ተዋሕደዋል» ብንል፣ ውህደት በተመልካቹ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነገር ይሆናል። በግሪክ ተረት እጅግ በሚያይ ዓይኑ ለታወቀው ለሊንኪየስ በዓለም ላይ አንድም የተዋሐደ ነገር አይኖርም ማለት ነው። ማይክሮስኮፕና ኤክስሬይ ከመምጣታቸው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የመጠን ጥያቄ በዚህ መልክ ተነሥቶ ነበር።

ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1661 የጥንቶቹን አራት ባሕርያት ሲሞግት ክርክሩ ወደ ሙከራ ቤት ገባ። አንትዋን ላቯዝዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1789 ለንጥረ ነገር እጅግ ተግባራዊ ትርጉም ሰጠ። በእርሱ አባባል ንጥረ ነገር ማለት ትንተና በመጨረሻ የሚደርስበትና ከዚያ ወዲያ ሊከፍለው ያልቻለ ቁስ ነው። በዝርዝሩ 33 ስሞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብርሃንና ሙቀት ይገኛሉ፤ ኖራ፣ ማግኒዥያ፣ አሉሚናና ሲሊካም እንዲሁ። መሰቦ ከሚያቃጥለው ጥሬ ዕቃ ዋና ዋናዎቹ፣ ኖራ፣ ሲሊካና አሉሚና፣ በላቯዝዬ መዝገብ «የማይከፈሉ» ነበሩ ማለት ነው። ላቯዝዬ ራሱ እነዚህ ምናልባት ከኦክስጅን ጋር የተጣመሩ ያልታወቁ ብረታማ ነገሮች ይሆናሉ ብሎ ጠርጥሯል። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1808 በኤሌክትሪክ ኃይል ካልሲየምን ከኖራ አውጥቶ ጥርጣሬውን እውነት አደረገው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኖራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው። ላቯዝዬ ንጽህናን ከመለያያው አቅም ጋር አስሮ መተርጎሙ ድክመት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ነገሩ ግን የትርጉሙ ጥንካሬ ነው፤ «እስካሁን ባለን ዘዴ» የሚለውን ሐረግ ሳይደብቅ የሚናገር ትርጉም ነበርና።

ቤርቶሌ ከግብፅ የጨው ሐይቆች፣ ፕሩስት ከስፔን

ትልቁ ጠብ የተነሣው በሁለት ፈረንሳውያን መካከል ነው። ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብፅ ገባ። በናትሮን ሐይቆች ዳር በኖራ ድንጋዩ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት ሲጋገር አየ። ሙከራ ቤት ውስጥ የሚታወቀው ተቃራኒው ነበር፤ ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ ሲገናኙ ኖራ ድንጋይና ጨው ይሰጣሉ። በሐይቁ ዳር ግን ጨውና ኖራ ድንጋይ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሂደቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ከዚህ ቤርቶሌ የቁሶች መጠን የኬሚካዊ ለውጥን አቅጣጫ ይወስናል ሲል ደመደመ። ቀጥሎም አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። መጠን ይህን ያህል ኃይል ካለው የውህዶች ይዘትም እንደ መጠኑ ሊለያይ ይችላል አለ።

ዮሴፍ ፕሩስት በስፔን እየሠራ ተቃወመው። እ.ኤ.አ. በ1799 ባወጣው ጥናት በተፈጥሮ የተገኘውና በእጅ የተሠራው የመዳብ ካርቦኔት አንድ ዓይነት ይዘት እንዳላቸው አሳየ። በቀጠሉት ዓመታትም ኦክሳይዶችንና ሰልፋይዶችን እየመዘነ የውህድ ይዘት ቋሚ ነው ሲል ጸና። ቤርቶሌ ቅይጥ ብረቶችን፣ ብርጭቆንና በውሃ የሟሙ ነገሮችን እንደ ማስረጃ ሲያቀርብ ፕሩስት፣ እነዚያማ ውህድ ሳይሆኑ ድብልቅ ናቸው ብሎ መለሰለት። ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 የአቶም ትምህርቱን ሲያሳትም ድሉ የፕሩስት ሆነ። አቶሞች በሙሉ ቁጥር ከተጣመሩ ይዘት የግድ ቋሚ ይሆናል።

የድሉን ታሪክ በጥንቃቄ ያነበበ ግን አንድ ቀዳዳ ያገኛል። ፕሩስት የውህድ ይዘት ቋሚ ነው አለ፤ ይዘቱ የሚለዋወጥ ነገር ሲቀርብለት ደግሞ «ውህድ አይደለም» ብሎ ወደ ድብልቅ መደብ አሻገረው። ሕጉ በከፊል ራሱን በራሱ የሚያረጋግጥ ነበር። ዳልተን ባይመጣ ኖሮ ሕጉ የተፈጥሮ ግኝት ነው ወይስ የመደብ ስምምነት የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ክፍት በቀረ ነበር።

ቤርቶሌም ቢሆን ጨርሶ አልተሸነፈም። ስለ መጠን ያነሣው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1864 በኖርዌያውያኑ ጉልድበርግና ቮጌ እጅ የኬሚካዊ ሚዛን ሕግ ሆኖ ተመለሰ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኩርናኮቭ ይዘታቸው በተወሰነ ወሰን ውስጥ የሚዋልል እውነተኛ ውህዶች መኖራቸውን አሳይቶ «ቤርቶሊድ» ብሎ ሰየማቸው፤ ቋሚዎቹን «ዳልቶኒድ» አላቸው። የታወቀው ምሳሌ ዉስታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ብረት ለአንድ ኦክስጅን ነው፤ በተለመደው ግፊት ግን ሁልጊዜ ብረት ይጎድለዋል፤ ለ100 የኦክስጅን አቶም 95 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ የብረት አቶም ይኖረዋል። በክሪስታሉ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ። ድብልቅ እንዳይባል አንድ ወጥ ክሪስታል ነው፤ የፕሩስትን ትርጉም ግን አያሟላም።

ቋሚ የሆነ ሁሉ ንጹህ አይደለም

ተቃራኒው ችግር ይዘታቸው ቋሚ የሚመስል ድብልቆች ናቸው። አየርን እንውሰድ። ኬሚስቱ ጌሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1804 በባሉን ወደ 7,000 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ያመጣው አየር ከፓሪስ አየር የተለየ ይዘት አልነበረውም። በዚያ ዘመን አየር የኦክስጅንና የናይትሮጅን ውህድ ነው የሚሉ ኬሚስቶች የተመረኮዙት በዚህ ቋሚነት ላይ ነው። ዳልተን ግን እያንዳንዱ ጋዝ ሌላው እንደሌለ ሆኖ የራሱን ግፊት ያደርጋል በማለት አየርን ከድብልቅ ወገን አቆመው፤ ወደ አቶም ሐሳቡ ከመሩት መንገዶች አንዱም ይኸው የጋዝ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መፈተኛ የመፍላት ሙቀት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ ይማራል። መቐለ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ንጹህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚያ ቴርሞሜትር ነክሮ 100ን የሚጠብቅ ተማሪ ውሃው ቆሻሻ ነው ብሎ ቢደመድም የሚፈረድበት ትምህርቱ ነው። የንጽህና ምልክቱ ቁጥሩ ሳይሆን ፍላቱ እስኪያበቃ ድረስ ሙቀቱ አለመነቃነቁ ነው። ጨው የሟሟበት ውሃ ሲፈላ ውሃው እየተነነ፣ ጨውነቱ እየበረታ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል።

ይህም ምልክት ግን ያታልላል። ጨዋማው ውሃ እየተነነ ሄዶ ጨው መዝቀጥ ሲጀምር የቀረው ፈሳሽ ይዘት ስለማይለወጥ ሙቀቱ ባለበት ይቆማል። በቅዝቃዜም ተመሳሳይ ነገር አለ። 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለው ውሃ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ላይ፣ እንደ ንጹህ ቁስ፣ ሙቀቱ ሳይነቃነቅ ይጋገራል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ጋትሪ በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉትን እንደ ውህድ ቆጥሮ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ በኋላ የበረዶና የጨው ደቃቅ ክሪስታሎች ጎን ለጎን የተጋገሩበት ድብልቅ መሆናቸው ታወቀ። የአሪስቶትል ገብስና ስንዴ ደቅቆ ተመለሰ ማለት ነው።

አረቄ የሚያወጣ ሁሉ ሦስተኛውን ወጥመድ ያውቀዋል፣ ስሙን ባይጠራውም። የቱንም ያህል ደጋግሞ ቢያነጥረው አልኮሉ ከ95.6 በመቶ በላይ አይጠራም። በዚያ ይዘት ላይ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ማንጠር ኃይሉን ያጣል፤ 78.2 ዲግሪ ላይ እንደ ንጹህ ቁስ ይፈላል። ውህድ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? መልሱን ሄንሪ ሮስኮ እ.ኤ.አ. በ1860 ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ውሃን በመመርመር ሰጠ። ግፊቱን ሲለውጥ የዚያ «ቋሚ» ፈሳሽ ይዘት አብሮ ተለወጠ። የእውነተኛ ውህድ ይዘት ግን ግፊት ስለተለወጠ አይለወጥም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ንጽህና የሚመሰከረው ሁኔታው እየተለዋወጠ ይዘቱ ሲጸና ነው።

ከዳሎል እስከ መቐለ፦ የጨው ጉዳይ

መቐለ ለረጅም ዘመን የጨው ከተማ ነበረች። አርሆ የሚባለው የግመልና የበቅሎ ጉዞ በአሕመድ ኤላና በበርሐሌ በኩል እየወጣ አሞሌ ያራግፍባት ነበር። አሞሌ በኢትዮጵያ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሠርቷል፤ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጽፏል። ከአፋር የጨው ሐይቅ ወለል ተቆርጦ የሚወጣውን ጨው ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነጭ ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። በንብርብሮቹ መካከል ግራጫና ቡናማ መስመር አለ፤ ጎርፍ ያመጣው ጭቃና ከጨው ቀድሞ የዘቀጠ ጂፕስ ነው። አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ አሞሌው ግን በትርጉም ድብልቅ ነው።

ንብርብሩ የመጣው ተፈጥሮ ራሷ በቅደም ተከተል ስለምትለይ ነው። ጣሊያናዊው ኡዚሊዮ እ.ኤ.አ. በ1849 የሜዲትራኒያንን ውሃ እያተነነ መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎ ጂፕስ፣ ከዚያ የገበታ ጨው፣ በመጨረሻ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ጨዎች እንደሚዘቅጡ አሳየ። ኬሚስቱ ቫንት ሆፍ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የጀርመንን የሽታስፉርት ጨዎች ሲመረምር የፈለገውም እያንዳንዱ ጨው መቼና ለምን እንደሚለይ ለማወቅ ነበር።

ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዳሎል ፖታሽ አለው፤ የክርክሩም እጅግ ጥሩ ምሳሌ እዚያው ነው። ሲልቪናይት የሚባለው ድንጋይ ሲልቫይት የተባለ ፖታሲየም ክሎራይድና የገበታ ጨው የተቀላቀሉበት ነው፤ ድብልቅ። ካርናላይት ደግሞ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ክሎሪንና ውሃ በተወሰነ ሒሳብ የተያያዙበት አንድ ክሪስታል ነው፤ ውህድ። ለዓይን ሁለቱም ቀላ ያሉ ጨዎች ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በትርጉሙ መሠረት የመጀመሪያው በቀላሉ ይለያል፤ ሁለተኛው ኬሚካዊ ለውጥ ይፈልጋል።

በተግባር ግን ካርናላይት ላይ መጠነኛ ውሃ ሲጨመር ማግኒዥየም ክሎራይዱ ሟሙቶ ይሄድና ፖታሲየም ክሎራይዱ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ይቀራል። የፖታሽ ፋብሪካዎች ይህን እንደ ዋና ዘዴ ይጠቀሙበታል። ሲልቪናይትን ለመለየት ደግሞ ሙቅ ውሃ፣ ማቀዝቀዣ ወይም በአረፋ ማንሳፈፊያ ያስፈልጋል። «ውህዱ» ከ«ድብልቁ» ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበተን «በአካላዊ ዘዴ መለየት» የሚለው መመዘኛ የመማሪያ መጽሐፉ እንደሚያስመስለው ጥርት ያለ አለመሆኑ ይጋለጣል። ማሟሟት ራሱ አካላዊ ነው ወይስ ኬሚካዊ? ኬሚስቶች ዛሬም በአንድ ድምፅ አይመልሱም።

የጨው ንጽህና የፖሊሲ ጉዳይም ሆኗል። በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርትና የሕፃናት አእምሮ ጉዳት ለመከላከል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አስገደደች። ከዚያ ወዲህ ለሰው ምግብ «ጥሩ ጨው» የሚባለው ሆን ተብሎ ድብልቅ የተደረገው ነው። የሚጨመረው በአንድ ኪሎ ጨው ጥቂት አሥር ሚሊግራም ፖታሲየም አዮዴት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ንጽህና መሆኑ ቀርቶ የድብልቁ ወጥነት ይሆናል። ጆንያው አፍ ላይ በዝቶ ሥሩ ላይ ከጠፋ፣ አማካዩ ትክክል ቢሆንም የአንዱ ቤት ድስት ጎድሎበታል። በክፍል ውስጥ «ወጥ ድብልቅ» እና «ኢ-ወጥ ድብልቅ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈው ልዩነት በጤና ጉዳይ ከንጹህና ድብልቅ ልዩነት ይበልጣል።

የሲሚንቶው ክሊንከር

ነጋዴው «ኦፒሲ» እና «ፒፒሲ» ብሎ የሚለየው ሲሚንቶ ሁለቱም ድብልቅ ነው። ፒፒሲ ፑሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ የሚጨመርበት መሆኑ ግልጽ ነው። የሚያከራክረው ከዚያ በፊት ያለው፣ በ1,450 ዲግሪ ገደማ የሚቃጠለው ክሊንከር ነው። ሄንሪ ለሻትልዬ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሊንከርን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ዋናው ክፍል ትራይካልሲየም ሲሊኬት ነው አለ። ስዊድናዊው ቶርኔቦም እ.ኤ.አ. በ1897 በክሪስታል ቅርጻቸው እየለየ አላይት፣ ቤላይት፣ ሴላይት፣ ፌላይት ብሎ ሰየማቸው። አላይት ከክሊንከሩ ግማሽ በላይ የሚይዝና ለሲሚንቶ ቀዳሚ ጥንካሬ የሚሰጥ ነው።

አላይት ንጹህ ውህድ ነው? በስሌት አዎ። በምድጃ ግን ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየምና ብረት በካልሲየሙና በሲሊከኑ ቦታ እየገቡበት ከመቶ ጥቂት እጅ ባዕድ ኦክሳይድ ይይዛል። ባዕዱም ጭቃ በአሞሌ ውስጥ እንዳለው ጎን ለጎን የተቀመጠ ሳይሆን በክሪስታሉ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ በማጥለልም በማንጠርም አይወጣም። ከዚህ በላይ ደግሞ ባዕዱ ክሪስታሉን ያጸናዋል፤ የላቦራቶሪው ንጹህ ትራይካልሲየም ሲሊኬት በክፍል ሙቀት የሚይዘው ቅርጽና የፋብሪካው አላይት ቅርጽ የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያለው የጠጣር ሙሙት ከሁለቱም መደብ እየወሰደ ከሁለቱም ይሸሻል። «ድብልቅ» ለማለት ይዘቱ ይለዋወጣል፤ «ንጹህ ቁስ» ለማለት አንድ ወጥ ክሪስታል ነው። የማዕድን ሊቃውንት አጨቃጫቂውን ነገር ትተው በወሰን ይገልጹታል፤ ያ ሐቀኛ አሠራር ነው።

ጥጥ፣ ፖሊስተርና የሰንሰለት ርዝመት

ወደ ልብሱ ስንመጣ «100 በመቶ ጥጥ» ስለ ክሩ ምንጭ እንጂ ስለ ኬሚስትሪው አይናገርም። ጥሬ ጥጥ ዘጠና በመቶ ገደማው ሴሉሎስ ነው፤ የቀረው ሰም፣ ፔክቲን፣ ፕሮቲንና ማዕድን ነው። በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀልና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነጣ የሴሉሎሱ ድርሻ ወደ 99 በመቶ ይጠጋል። ከዚያ ቀለም ይጨመርበታል። ነጋዴው ንጹህ የሚለው ክርን በክር ቆጥሮ ነው።

ሴሉሎስን አንሴልም ፓየን እ.ኤ.አ. በ1838 ለይቶ አወጣው። እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር አንድ ዓይነት ሞለኪዩል ብቻ ያለው ግን አይደለም። የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ሰንሰለት ብዙ ሺህ ቀለበት ሲኖረው ጎረቤቱ ያንሳል ወይም ይበልጣል። ኸርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 እንዲህ ያሉ ቁሶች እጅግ ረጃጅም ሞለኪዩሎች ናቸው ሲል ብዙ ኬሚስቶች ያልተቀበሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቁርጥ ያለ የሞለኪዩል ክብደት የሌለው ነገር እንዴት ንጹህ ቁስ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ክርክሩ አብቅቶ ነበር፤ የመደቡ ጥያቄ ግን አልተፈታም። አንዳንዶች ፖሊመርን «የተመሳሳይ ሞለኪዩሎች ድብልቅ» ይሉታል፤ ሌሎች የሚደጋገመው ቀለበት አንድ እስከሆነ ድረስ ንጹህ ነው ይላሉ። ዊንፊልድና ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ የፈለሰፉት ፖሊስተርም በዚሁ ጥያቄ ሥር ይወድቃል።

ለፋብሪካው የሚያስፈልገው ከዚህ የቀለለ ነው። የ65 በ35 ጨርቅ እውነቱን መሆኑን ለማረጋገጥ ናሙናው በ75 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ ጥጡ ይሟሟል፤ ፖሊስተሩ ይቀራል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመዘናል። ፈተናው ድብልቁን የሚለየው አንዱን ክፍል በማጥፋት ነው። ማቅለሚያ ቤትም እንዲሁ ጨርቁን እንደ ሁለት ያየዋል። ለፖሊስተሩ ዲስፐርስ ቀለም በ130 ዲግሪ ከግፊት ጋር፣ ለጥጡ ደግሞ ሪአክቲቭ ቀለም ብዙ ጨው ባለበት ውሃ ያስፈልገዋል። ጨዉ ካልሲየምና ማግኒዥየም ካለበት ቀለሙ እየዘቀጠ ጨርቁ ነጠብጣብ ያወጣል። ለወጥ የማይጎዳ ቆሻሻ ለቀለም ይጎዳል፤ ያው ጨው ለአንዱ ንጹህ፣ ለሌላው ቆሻሻ ነው።

ውሃስ?

የዛሬው የፍልስፍና ክርክር የሚዞረው በውሃ ዙሪያ ነው። ሂላሪ ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1975 ውሃን ውሃ የሚያደርገው ሞለኪዩላዊ ቀመሩ ነው ብሎ ተከራከረ። የኬሚስትሪ ፈላስፎች ግን ቀመሩ ከእውነታው ያነሰ መሆኑን አሳዩ። እጅግ በተጣራ ውሃ ውስጥ እንኳ ጥቂት ሞለኪዩሎች ወደ አዮን እየተሰበሩ ይጣመራሉ፤ ያለ እነርሱ ውሃ ኤሌክትሪክን ማስተላለፉ አይገለጽም። ፖል ኒድሃም፣ ቁሱ የሚገለጸው በብዙ ሞለኪዩሎች ጥምር ባሕርይና በቴርሞዳይናሚክስ ነው ይላል። ሃሶክ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተገነባ ነው የሚለው ድምዳሜ ራሱ በብዙ ተፎካካሪ ሥርዓቶች መካከል የተመረጠ መሆኑን ይከራከራል። የኒድሃም አቋም ለፋብሪካ ሰው ይበልጥ ይመቻል፤ ምክንያቱም ንጽህናን ከሚለካ ባሕርይ ጋር ያገናኛልና።

አይሶቶፖች ጉዳዩን ያወሳስቡታል። ፍሬድሪክ ሶዲ እ.ኤ.አ. በ1913 ስማቸውን ካወጣ በኋላ፣ ቴዎዶር ሪቻርድስ በ1914 ከራዲዮአክቲቭ ማዕድን የወጣ እርሳስ ከተራው እርሳስ የቀለለ መሆኑን መዘነ። ስለዚህ «ንጹህ እርሳስ» የአይሶቶፖች ድብልቅ ነው። ካዚሚር ፋያንስ እያንዳንዱ አይሶቶፕ የራሱ ንጥረ ነገር ይሁን ሲል፣ ፍሪትዝ ፓኔት ኬሚስትሪ የማይለየውን አንድ እንበለው አለ። የፓኔት ወገን አሸነፈ። ከዚያ ሃሮልድ ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1931 ከባዱን ሃይድሮጅን አገኘ። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከ6,400 የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ገደማ ከባድ ነው፤ ከዚያ የተሠራ ከባድ ውሃ በ3.8 ዲግሪ ይጋገራል። በማንጠርና በኤሌክትሪክ ከተራው ውሃ መለየት ይቻላል። በትርጉሙ ሐረግ ብቻ ብንሄድ የቧንቧ ውሃ ቢጣራም ድብልቅ ነው፤ ኬሚስቶች ግን ንጹህ ብለው ይጽፉታል። ስምምነቱ የሚሠራ ስምምነት ነው፤ ስምምነት መሆኑ ለተማሪ መነገር አለበት።

ከሌላው ጫፍ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሲሊከን አለ። ዊልያም ፋን በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላቦራቶሪ የጠጣር ቁስ ዘንግን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በጠባብ ቀበቶ እያቀለጠ ቆሻሻውን የሚገፋበት ዘዴ አወጣ። ዛሬ ለቺፕ የሚሠራ ሲሊከን ዘጠኝ ዘጠኞች የተሰለፉበት ንጽህና ይጠየቅበታል። እንዲያም ሆኖ ትራንዚስተር እንዲሆን ፎስፈረስ ወይም ቦሮን ተመዝኖ ይጨመርበታል።

የቀረው ችግር፦ መልሶ መለየት

ክርክሩ ዛሬ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የሚከብደው በፋብሪካ ጓሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ የማይለቅ ሥርዓት ተገንብቶለታል፤ የቀለም ቤት ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ውሃው ሲመለስ የሚቀረው ግን ሶዲየም ክሎራይድ፣ ሶዲየም ሰልፌትና የቀለም ርዝራዥ የተጋገሩበት የጨው ድብልቅ ነው። አንዱን ጨው ከሌላው መለየት በናኖ ማጣሪያና በደረጃ በሚደረግ ክሪስታላይዜሽን ይቻላል፤ የሚጠይቀው ኤሌክትሪክ ግን ብዙ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለው ጨው እየተከማቸ የሚቀመጥበት ፋብሪካ ጥቂት አይደለም። ውሃን ንጹህ ማድረግ ለጨው ድብልቅነት ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ ሆኗል።

ያረጀው የጥጥና ፖሊስተር ልብስም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። የሆንግ ኮንግ የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሙቅ ውሃ፣ ግፊትና ጥቂት ደካማ አሲድ በመጠቀም ጥጡን ወደ ሴሉሎስ ዱቄት ሰብሮ ፖሊስተሩን በክርነቱ የሚያስቀር ዘዴ አቅርቧል። ሌሎች ጥጡን በኢንዛይም ወደ ግሉኮስ ይመልሳሉ። ሁለቱም ለሁለት ክር ጥንድ ይሠራሉ። በጠባብ ሱሪና በስፖርት ልብስ ውስጥ የሚገባው፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ የሆነው ኤላስቴን ግን ወደ ሁለቱም ክፍል ይከተላል፤ ማሽኑን ይለጥፋል፤ የሚወጣውን ፖሊስተር ያቆሽሻል። ምልክቱ ላይ ትንሹ ቁጥር ያለው ክር ዛሬ ለመለየት የከበደው ነው።